መኪናውን ማን አመጣው? ማንስ ጠገነው?

የመኪና ታሪክ በኢትዮጵያ ሲነሣ ዘወትር የሚቀድመው ጥያቄ «የመጀመሪያውን ማን አመጣው?» የሚል ነው። በ1907 መጨረሻና በ1908 መጀመሪያ ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) አንድ እንግሊዛዊና አንድ ጀርመናዊ በየፊናቸው መኪና ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ዳግማዊ ምኒልክም የመኪና ባለቤት ሆኑ። ከሁለቱ ማን ቀደመ የሚለው እስከ ዛሬ ጨዋታ ያደምቃል። ከእርሱ ይልቅ ለአገር የሚጠቅመው ግን ብዙም ያልተጠየቀው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ መኪናው በቆመ ጊዜ ማን ጠገነው?

ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። በ2024 መጀመሪያ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚህም ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከል ከዓለም አገሮች ቀዳሚ ሆነች። ውሳኔው በውጭ ምንዛሬና በውኃ ኃይል ስሌት ተመዝኗል። ሌላ ሚዛንም አለው፤ እርሱም አንድ መቶ ዓመት የተሻገረው የጥገና ታሪክ ነው።

ከፓሪስ እስከ ጋፋት

በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ የተፀነሰው ሰውን ለማመላለስ አልነበረም፤ መድፍ ለመጎተት ነበር። ኒኮላ ዦዜፍ ኩኞ የተባለ የፈረንሳይ ጦር መሐንዲስ በ1769 በእንፋሎት የሚሠራ ባለ ሦስት እግር ጋሪ ሠራ። ጋሪው ከእግረኛ ፍጥነት አይበልጥም፤ በየጥቂቱም እየቆመ እንፋሎት እስኪጠራቀምለት ይጠብቅ ነበር። ሙከራው ብዙም ሳይገፋ ተቋረጠ። በ1770 ገደማ የተሠራው ትልቁ ጋሪ ዛሬ በፓሪስ የጥበባትና የሙያዎች ሙዚየም ይታያል።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ያው ችግር ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተነሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያስቀለጡት ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ነበር። በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያመሩ የሚጎትተው ሞተር አልነበራቸውም፤ ሞተሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ክንድ ነበር። መንገድም ስላልነበረ ሠራዊቱ ቋጥኝ እየፈለጠ፣ ገደል እየደለደለ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርዶ እየወጣ መንገዱን ራሱ ሠራ። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት 1868 ነበር።

ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የአንድ ንጉሥ አይበገሬነት ምሳሌ ሆኖ ነው። ነገር ግን ሌላ ትምህርትም አለው። ቴዎድሮስ መሣሪያና መንገድ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ተረድተው ነበር፤ ሦስተኛውን ነገር፣ ማለትም ዕውቀቱ ከባለቤቱ ዕድሜ አልፎ የሚኖርበትን ተቋም፣ ለመትከል ግን ጊዜ አላገኙም። እርሳቸው በሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ ሲሞቱ የጋፋት ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ፤ የማቅለጫው እሳትም ጠፋ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። ያንን ሙያ ተቀብሎ ያስቀጠለ አውደ ጥናት ግን ከጋፋት አልተገኘም።

የበርታ ቤንዝ ጉዞ

ካርል ቤንዝ በቤንዚን ለሚሠራው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪው የፈጠራ መብት ያመለከተው በጥር 29 ቀን 1886 ነው። ዓለም ይህን ቀን የመኪና ልደት አድርጎ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ ተሽከርካሪው መኪና መሆኑ የተረጋገጠው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1888 ነው። ባለቤቱ በርታ ቤንዝ ለባሏ ሳትነግር ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች።

የጉዞው ዝርዝር ከፈጠራው ይልቅ ስለ አካባቢው ይናገራል። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎኽ ከተማ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ገዛች፤ በዚያን ጊዜ ነዳጅ የሚሸጠው እድፍ ማስለቀቂያ ሆኖ ነበርና። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ሰንሰለቱን አንጥረኛ አስተካከለላት፤ ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ቆዳ አለበሰላት። በዳገቱ ላይ ልጆቹ ገፉ።

ተሽከርካሪውን ካሰበበት ያደረሰው እንግዲህ ከፈጣሪው ብልሃት ጋር መድኃኒት ቤቱ፣ አንጥረኛውና ጫማ ሰፊው ነበሩ። ጀርመን ውስጥ እነዚህ ሁሉ ከመኪናው በፊት በየመንደሩ ተገኝተዋል፤ ሥራቸውም የተከበረ ነበር። በኢትዮጵያስ? አንጥረኛውና ቆዳ ፋቂው እዚህም ነበሩ። ሆኖም «ቀጥቃጭ» እና «ፋቂ» እየተባሉ በንቀት የሚታዩ፣ ከርስትና ከጋብቻ የሚገለሉ ነበሩ። መኪናው በመጣ ጊዜ ብረት የሚያውቀው እጅ ከኅብረተሰቡ ጠርዝ ላይ ነበር። ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ይህን ጉዳት ስላዩ ነው።

የሰርኪስ ባቡርና የምኒልክ መኪኖች

በኢትዮጵያ ምድር በራሱ ኃይል በመንገድ ላይ የሄደ መሣሪያ ሲነሣ ከመኪናው የሚቀድም አንድ ስም አለ። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ከመኪናዎቹ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አስመጣ። የአዲስ አበባ ሰው «የሰርኪስ ባቡር» አለው፤ ስሙም በከተማዋ ትዝታ ውስጥ ቀረ። ጊዜው ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ በጣሊያን መሐንዲሶች እገዛ የተሠራበት፣ የባቡር ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ የደረሰበት ነበር።

«ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ ያዘለ ነው። እንፋሎትን ከሚያመለክተው የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ገባ፤ በአማርኛም በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን መንገድ የሚዳምጠውንና እህል የሚፈጨውንም ያዘ። ሕዝቡ ራሱን ችሎ ለሚንቀሳቀስ ብረት ሁሉ አንድ ስም ሰጠ። ለብረቱ ስም ወጣለት፤ ለክፍሎቹ ግን ገና አልወጣላቸውም። ክፍሎቹን የሚፈታቸው አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ መኪኖቹ መጡ። እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ በሲድሌይ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ ለተሽከርካሪ ተብሎ ያልተሠራውን በረሃና ዳገት አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። ጉዞውን የሚተርክ መጽሐፍም በ1913 ለንደን ውስጥ ታተመ። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ ሳክሶኒ ውስጥ በሚገኘው የናኬ ፋብሪካ የተሠራ መኪና አመጣ። ለሁለቱም ጉዞው የገበያ ማስታወቂያም ነበር፤ ምኒልክን ያሸነፈ መኪና በአውሮፓ ጋዜጦች ስሙ ይጠራለታል። ለምኒልክም አዲስ መሣሪያ መሞከር የመንግሥት ሥራ አካል ነበር። ስልክን፣ ባንክንና ማተሚያ ቤትን የተቀበሉት በዚሁ መንፈስ ነው።

ሁለቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን ማየት ይበጃል። መኪናው የመጣው እንዲታይ ነው፤ የሰርኪስ ባቡር የመጣው እንዲሠራ ነው። መኪናው መንገድ ይፈልጋል፤ መዳመጫው መንገድ ይሠራል። ይህ ልዩነት በኋላ ለተከተለው ሁሉ ቁልፍ ነው።

ለጥገና ተልከው በድምፃቸው የታወሱት

ምኒልክ ግን በማየት ብቻ አልረኩም። በ1908 ሆልትስ ወደ አገሩ ሲመለስ ተሰማ እሸቴ የተባሉ ወጣት አብረው ወደ ጀርመን ተላኩ። ተልእኳቸው መኪና መንዳትንና መጠገንን መማር ነበር። ውሳኔው አስተዋይ ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያን መግዛት ከዕውቀቱ ጋር ካልሆነ ጥገኝነትን መግዛት እንደ ሆነ የገባቸው ይመስላል።

ተሰማ እሸቴ ሙያውን ተማሩ። ይሁን እንጂ ታሪክ በዋናነት የሚያስታውሳቸው በሌላ ነገር ነው። በግጥምና በዜማ የተካኑ ነበሩና በጀርመን ቆይታቸው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ በዚህም ዜማውን በሸክላ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመባል በቁ። በ1910 ገደማ ከተመለሱ በኋላ የቤተ መንግሥቱን መኪና ከመንዳት አልፈው የልጅ ኢያሱ ቅርብ ሰው ሆኑ፤ ማዕርጋቸውም ነጋድራስ ተባለ። ልጅ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን ሲወርዱ የነጋድራሱም ዕድል አብሮ አዘነበለ።

የሰውዬው ሕይወት የሚያስወቅስ አይደለም፤ ግጥማቸውና ቅኔያቸው እስከ ዛሬ ይወሳል። ጥያቄው ለላካቸው ሥርዓት ነው። መንግሥት አንድ ሰው ለቴክኒክ ሙያ ባሕር ማዶ ላከ፤ ሲመለስ የተዘጋጀለት ቦታ ግን ጋራዥ፣ ደቀ መዝሙርና በጀት ሳይሆን አደባባይ፣ ሹመትና አንጃ ነበር። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ያተኮረው በቋንቋዎች ላይ ነበር፤ አስተርጓሚና ዲፕሎማት በአስቸኳይ ይፈለግ ነበርና። ስለዚህ ዕውቀቱ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ቀረ፤ ሰውየው ከአደባባይ ሲርቅም አብሮ ራቀ። የነጋድራስ ተሰማ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ ከዓመታት በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነው ተክለው፣ ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ከእርሳቸው በኋላም ኮንፌዴሬሽኑ ቀጠለ። ሙያ ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚሻገረው እንዲህ ባለ ተቋም ነው።

ከባሕር ማዶ ተምሮ ለመመለስ ያሰበ ባለሙያ ሁሉ ይህን ታሪክ ከራሱ ጋር ሳያመሳክር አያልፍም። «የተማረ ሰው የለንም» የሚለው ምሬት ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። የተማረው ሰው ነበር፤ የተማረውን የሚሠራበት ወንበር ግን አልተሠራለትም።

የጋራዥ ቋንቋ

ኢትዮጵያ መኪና መጠገንን በስፋት የተማረችው ከየት እንደ ሆነ ለማወቅ የሰነድ ቤት አያስፈልግም፤ የጋራዥን ቋንቋ ማድመጥ ይበቃል። መኪና፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኮፋኖ፣ ማርሽ፣ ጎሚስታ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ሹፌርና ጋራዥ ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ከአማርኛ የወጣውና ጸንቶ የኖረው አንድ ትልቅ ቃል «መሪ» ነው። ሕዝቡ መኪናውን መምራት እንደ ራሱ ሥራ ቆጠረ፤ መፍታትና መግጠም ግን በሌላ ሰው ቋንቋ መጣ።

ከ1936 እስከ 1941 በቆየው ወረራ ጣሊያን ለጦር ሠራዊቷ ማመላለሻ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ዘረጋች። የጭነት መኪናዎቿም ነዳጅ ማደያውን፣ ጎማ ጠጋኙንና መካኒኩን ይዘው መጡ። ከምኒልክ መኪና ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ገደማ ተነጣጥለው የቆዩት መሣሪያ፣ መንገድና ጥገና በአንድ ላይ የተገናኙት በወራሪ እጅ፣ በደምና በግፍ ዋጋ መሆኑ የዚህ ታሪክ መራራ ገጽ ነው። ጠላት ሲወጣ መኪናውና መንገዱ ቀረ፤ በጋራዡ ውስጥ ቁልፍ ሲያቀብል የነበረው ልጅም ቀረ። የአዲስ አበባ መካኒክነት በአብዛኛው ከዚያ ልጅ የወረደ፣ በእጅና በዐይን ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር የተላለፈ ሙያ ነው።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ጉዳዩን በተቋም ለመያዝ ሞክሯል። የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ። በ1950 የዓለም ባንክ ለመንገድ ጥገና 5 ሚሊዮን ዶላር ለኢትዮጵያ አበደረ፤ ባንኩ በዚያ ዓመት ለኢትዮጵያ የሰጣቸው ብድሮች ለአፍሪካ ከሰጣቸው ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በመጀመሪያ በአሜሪካውያን ባለሙያዎች ይመራ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን አመራሩ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ ዓለም ገና ላይም የራሱን ኦፕሬተሮችና መካኒኮች የሚያፈራበት ማሠልጠኛ ነበረው። ባለሥልጣኑ ሦስት ሥርዓተ መንግሥታትን ተሻግሮ ስሙን እየለወጠ እስከ ዛሬ ቆሟል። የዚህ ምስጢር ግልጽ ነው፦ በጀት ነበረው፣ የሥልጠና ሰንሰለት ነበረው፣ ሥራውም በአንድ ሰው ላይ አልተንጠለጠለም።

ከፌርፋክስ እስከ ሃውቶርን

የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ አዲስ የሚመስለው ታሪኩ ስለ ተረሳ ነው። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች 1,681 በእንፋሎት፣ 1,575 በኤሌክትሪክ፣ 936 ብቻ በቤንዚን የሚሠሩ ነበሩ። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ እንኳ የምትነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነበር።

ቤንዚን በኋላ ለምን አሸነፈ? ሞተሩ ብቻውን መልስ አይሆንም። በ1901 የቴክሳስ ነዳጅ ፈለቀ፤ በ1908 የፎርድ ሞዴል ቲ በርካሽ ወጣ፤ በ1912 በእጅ ማስነሣትን ያስቀረው የኤሌክትሪክ ማስነሻ መጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአሜሪካ ገጠር እስከ 1930ዎቹ ድረስ በአብዛኛው መብራት አልነበረውም። የኤሌክትሪክ መኪና ከከተማ መውጣት አልቻለም፤ ቤንዚን ግን በቆርቆሮ ተጭኖ የትም ይደርሳል።

ሎስ አንጀለስ የዚያ ድል ከተማ ናት። በ1920ዎቹ የዊልሸር ጎዳና ገበያ ለእግረኛ ሳይሆን ለመኪና ነጂ ዐይን ታስቦ ተገነባ። በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው የፌርፋክስ ክፍል ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ተሄደ፣ ፌርፋክስና ዊልሸር ሲገናኙ የፒተርሰን የአውቶሞቢል ሙዚየም ቆሟል። ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ፣ ሃውቶርን አለች። ቴስላ የሞዴል ኤስን ናሙና በ2009 ለሕዝብ ያሳየው በዚያች ከተማ ነው፤ የዲዛይን ስቱዲዮውም እዚያው ይገኛል። ቤንዚን ያሸነፈበት ዘመን ትዝታና ኤሌክትሪክ የተመለሰበት ዘመን አውደ ጥናት በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአጭር የመኪና ጉዞ ርቀት ላይ ናቸው።

የዛሬው ፈተና

የኢትዮጵያ ውሳኔ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ጠንካራ ነው። አገሪቱ ነዳጅ በዶላር ትገዛለች፤ ኤሌክትሪክ ግን ከገዛ ወንዟ ታመነጫለች። በመስከረም 2025 የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። «መጀመሪያ መኪናው ይምጣ፤ ጥገናው ይከተላል» የሚለው ክርክርም ጨርሶ ውድቅ አይደለም፤ በየትም አገር ፍላጎት ሙያን ወልዷል። ችግሩ የሚከተለው በስንት ዓመትና በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ባለፈው ጊዜ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ ይዞት የመጣውም ወራሪ ነበር።

የአሁኑ ለውጥ ደግሞ ከዚያኛው በአንድ ነገር ይከብዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። በዐይንና በጆሮ የሚታወቀው ብልሽት በኮምፒውተር የሚነበብ ይሆናል፤ ሰው የሚገድል ኃይል ያለው ባትሪም መሬቱ ላይ ተዘርግቷል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር የወረደው ሰንሰለት በአንድ ትውልድ ሊበጠስ ይችላል። አብዛኞቹ መኪኖች የሚመጡት ከቻይና ነው። ሶፍትዌሩና መመሪያው በአምራቹ እጅ እስከ ቆየ ድረስ ከነዳጅ ጥገኝነት የወጣው ባለ መኪና በሌላ ጥገኝነት ይያዛል። ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው አሁንም ኤሌክትሪክ አላገኘም፤ የአሜሪካን የኤሌክትሪክ መኪና በከተማ አጥሮ ያስቀረው ችግርም ይኸው ነበር።

ስለዚህ ፖሊሲው የሚለካው በገቡት መኪኖች ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። አስመጪው የምርመራ መሣሪያውንና የጥገና መመሪያውን ለአገር ውስጥ ጋራዦች እንዲከፍት በፈቃዱ ላይ ግዴታ ሊጣልበት ይችላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ወጣቱን ብቻ ሳይሆን ሃያ ዓመት በጋራዥ የሠራውንም መካኒክ ተቀብለው ስለ ባትሪ ሊያስተምሩት ይችላሉ። ያረጀ ባትሪ የት እንደሚሄድ ካሁኑ ሊወሰን ይገባል። በባሕር ማዶ ፋብሪካዎችና ላቦራቶሪዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በእንግድነት ተጋብዘው ንግግር አድርገው የሚመለሱበት ሳይሆን፣ በበጀትና በኃላፊነት ለተወሰኑ ዓመታት የሚያስተምሩበት ወንበር ሊዘጋጅላቸው ይገባል። ምኒልክ በ1908 ሰውየውን ልከዋል፤ ያጓደሉት ሲመለስ የሚቀመጥበትን ማዘጋጀት ነበር።

የጋራዡ ቋንቋ አሁን እንደገና እየተጻፈ ነው። ለባትሪው ሕዋስ፣ ለኃይል መቀየሪያው፣ ለስሕተት ኮዱ የሚወጣው ስም ከየት እንደሚመጣ ከአሥር ዓመት በኋላ ይታወቃል። ኢትዮጵያውያን መካኒኮች ክፍሎቹን ራሳቸው እየፈቱ የሚገጥሙ ከሆነ ስሙን ራሳቸው ያወጡለታል፤ ካልሆነም ሌላ ሰው ያወጣውን ተቀብለው ይጠሩታል።